አፕዴት አልቀበል ያለ ኪንድል

ፈርምዌር ከመሣሪያው ጋር ተሠርቶ የሚመጣና አካላቱን የሚያዝ ፕሮግራም ነው። በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ላይ ገጽ የሚገልጠው፣ ስክሪኑ ላይ ፊደል የሚስለው፣ ባትሪውን የሚቆጣጠረውና ከዋይፋይ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው። አምራቹ መሣሪያውን እየሸጠ ባለበት ዘመን ፈርምዌሩ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ሳይሰማው ይዘምናል። ምርቱ ከቆመ በኋላ ግን ሥራው በባለቤቱ ወይም በጠጋኙ እጅ ይወድቃል። ያኔ ፋይሉን መፈለግ፣ ወደ መሣሪያው ማስገባት፣ አልገባም ካለም ምክንያቱን መለየት ያስፈልጋል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው አማዞን እ.ኤ.አ. በ2010 ለገበያ ያቀረበው ሦስተኛው ትውልድ ኪንድል ነው። ከስክሪኑ ሥር ሙሉ የፊደል ገበታ ስላለው በኋላ «ኪንድል ኪቦርድ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ባለ 6 ኢንች ስክሪን፣ 4 ጊጋባይት ማከማቻና 256 ሜጋባይት ራም አለው። ምርቱ ከቆመ ዓመታት ቢያልፉም ባትሪው ከተለወጠለት ዛሬም ያስነብባል። ችግር የሚገጥመው ለመገናኘት ሲሞክር ነው። አማዞን ለአሮጌ ኪንድሎች ማርች 22 ቀን 2016 የጊዜ ገደብ አስቀምጦ ነበር። እስከዚያ ቀን አስፈላጊውን አፕዴት ያልጫነ መሣሪያ በዋይፋይም ሆነ በ3ጂ ከአገልግሎቱ ጋር መገናኘት አይችልም፤ ከዚያ ወዲያ ፋይሉን በኮምፒውተር አውርዶ በገመድ ማስገባት ግድ ይሆናል። ለኪንድል ኪቦርድ የወጣው የመጨረሻ ቨርዥን 3.4.3 ነው። ለዓመታት በመሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የተገኘ ኪንድል ግን 3.0 ወይም 3.1 ላይ እንዳለ ሊሆን ይችላል።

አፕዴት ከውጭ ሲታይ አንድ ድርጊት ይመስላል፤ ከውስጥ ግን ተከታታይ ፍተሻ ነው። ፋይሉ እንደ ጭነት መኪና በየኬላው ይቆማል። በቂ ኃይል አለ ወይ? ጭነቱ ሳይጎድል ደርሷል ወይ? የተላከው ለዚህ ሞዴል ነው ወይ? አሁን ካለው ቨርዥን መነሳት ይችላል ወይ? ፊርማው የአምራቹ ነው ወይ? ተጽፎ አልቋል ወይ? መሣሪያው በአዲሱ ፕሮግራም ተነስቷል ወይ? እያንዳንዱ ኬላ የሚመልሰው በራሱ ጠባይ ነው። ስለዚህ የጠጋኝ ሙያ የቱ ኬላ እንደመለሰው መለየት ላይ ነው፤ በግድ ለማሳለፍ መሞከር ሙያ አይባልም። ኬላው ከታወቀ መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። ካልታወቀ ግን ደህናው መፍትሔ እንኳ ያለ ቦታው ገብቶ የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

መጀመሪያ ማየት

የመጀመሪያው ሥራ ምንም ሳይነኩ መመልከት ነው። በኢ-ኢንክ ስክሪን ላይ ይህ ከስልክም ከኮምፒውተርም ይከብዳል። ኢ-ኢንክ ኃይል የሚፈልገው ምስል ሲለውጥ ብቻ ስለሆነ፣ አንዴ የተሳለው ምስል ባትሪው ካለቀ በኋላም ባለበት ይቆያል። የደራሲ ምስል የሚያሳይ ኪንድል ተኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ባትሪው አልቆ ወይም ፕሮግራሙ ሃንግ አድርጎም ሊሆን ይችላል። በዓይን ብቻ ሦስቱን መለየት አይቻልም። የሚለያቸው ሌላ ምልክት ነው፤ ማብሪያው ላይ ያለችው መብራት ቻርጀር ሲሰካ ትበራለች ወይ? ኮምፒውተሩ በዩኤስቢ ሲገናኝ አዲስ ዲስክ ያያል ወይ? የማብሪያውን ቁልፍ ስበው ለ20 ሰከንድ ያህል ሲይዙት፣ ካልሆነም እስከ 40 ሰከንድ ሲያቆዩት፣ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ይለወጣል ወይ?

መሣሪያው የሚነሳ ከሆነ ሁለት ነገሮች በወረቀት ይመዘገባሉ። አንዱ አሁን ያለው ቨርዥን ሲሆን በሴቲንግስ ገጽ ግርጌ ይገኛል። ሌላው የሲሪያል ቁጥሩ መነሻ ነው። ኪንድል ኪቦርድ በመልክ አንድ ቢመስልም በውስጡ ሦስት ዓይነት ነው። በ«ቢ008» የሚጀምረው ዋይፋይ ብቻ ያለው ነው፤ በ«ቢ006» እና በ«ቢ00ኤ» የሚጀምሩት ደግሞ 3ጂም ያላቸው፣ ለተለያየ ገበያ የተሠሩ ናቸው። እነዚህ ፊደሎችና ቁጥሮች ኋላ ላይ መሣሪያው ፋይሉን ለምን እንዳልተቀበለ ብቻቸውን ሊናገሩ ይችላሉ።

በዚሁ ደረጃ «ዶክዩመንትስ» የሚባለው ፎልደር ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል። ባለቤቱ ራሱ ያስገባቸው ፒዲኤፎችና ጽሑፎች በዚህ ይድናሉ። ከአማዞን መደብር የተገዙት መጻሕፍት ግን ብዙዎቹ ለዚያ መሣሪያ የተቆለፉ ስለሆኑ ቅጂያቸው ሌላ ማንበቢያ ላይ አይከፈትም።

ባትሪ

ፈርምዌር በሚጻፍበት ሰዓት ኃይል ቢቋረጥ መሣሪያው ግማሽ አሮጌ ግማሽ አዲስ ሆኖ ይቀራል። አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ባትሪው ዝቅ ካለ አፕዴቱን ከመጀመሩ በፊት ይከለክሉታል። በኪንድል ኪቦርድ ላይ ክልከላው ድምፅ የለውም፤ በሜኑ ውስጥ «አፕዴት ዩር ኪንድል» የሚለው መስመር ደብዝዞ ይቀርና ሲጫኑት አይሠራም። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ እንደገና ያወርዳል፤ የጎደለው ግን ኃይል ሊሆን ይችላል።

የአሮጌ ባትሪ አስቸጋሪነት ደግሞ የሚያሳየው መጠንና የያዘው መጠን አለመመሳሰላቸው ነው። ለዓመታት ያለ ሥራ የተቀመጠ ሊቲየም ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ቶሎ ሞልቶ ይታያል፤ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ቶሎ ይወርዳል። መብራቷ ከብርቱካናማ ወደ አረንጓዴ መለወጧ የሚያሳየው ቻርጅ ማድረጉ ማለቁን ነው፤ የባትሪውን ጤንነት አያሳይም። የሚታመነው ፈተና መሣሪያውን ከቻርጀር ነቅሎ ለጥቂት ሰዓት ማንበብና መጠኑ እንዴት እንደሚወርድ መከታተል ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ግማሹን የጨረሰ ባትሪ አፕዴት ከመሞከሩ በፊት መለወጥ አለበት። በኪንድል ኪቦርድ ላይ ይህ ከባድ ሥራ አይደለም። የጀርባው ክዳን በፕላስቲክ መክፈቻ ዙሪያውን ቀስ ተብሎ ይላቀቃል፤ ባትሪውን የያዙት ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ናቸው።

ጨርሶ ባዶ የሆነ ባትሪ ለመነሳት ጊዜ ይወስዳል። ከኮምፒውተር የዩኤስቢ ቀዳዳ የሚመጣው ኃይል አነስተኛ ስለሆነ ከግድግዳ ሶኬት ጋር በቻርጀር አገናኝቶ ለረጅም ሰዓት መተው ይሻላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ «ሞቷል» ተብለው የተጣሉ ማንበቢያዎች ሌሊቱን ቢቆዩ ሊነሱ ይችሉ ነበር።

ገመዱና ቅጂው

ሁለተኛው ኬላ ጭነቱ ሳይጎድል መድረሱ ነው። ኪንድል ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ማከማቻውን እንደ ፍላሽ ዲስክ አሳልፎ ይሰጣል፤ በዚያ ሰዓት ራሱ ሊያነበው አይችልም። ኮምፒውተሩ ምንም ዲስክ ካላየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው። በገበያ ላይ ብዙ የማይክሮ ዩኤስቢ ገመዶች ቻርጅ ለማድረግ ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ኃይል የሚያሳልፍ ሽቦ እንጂ መረጃ የሚያሳልፍ ሽቦ የላቸውም። መብራቷ በርታ ዲስኩ ካልታየ ገመድ ለውጦ መሞከር ከማንኛውም ሌላ ሙከራ ይቀድማል።

ፋይሉ የሚቀመጠው በዲስኩ መነሻ ገጽ ላይ ነው፤ «ዶክዩመንትስ» ወይም ሌላ ፎልደር ውስጥ ከገባ መሣሪያው አያየውም። ኪንድል የሚፈልገው ስሙ በ«አፕዴት» ጀምሮ በ«ቢን» የሚያልቅ ፋይል ነው። አንዳንድ ኮምፒውተር የፋይሉን መጨረሻ ስለሚደብቅ ከ«ቢን» ኋላ ሌላ ቅጥያ መጨመሩ ላይታይ ይችላል። ሁለቴ ከወረደ ደግሞ ስሙ ላይ በቅንፍ ቁጥር ይጨመርበታል። ከበፊት ሙከራ የቀሩ የ«ቢን» ፋይሎች ካሉም መጥፋት አለባቸው፤ በመነሻው ገጽ ላይ አንድ ብቻ መኖር ይገባዋል።

ቅጂው አለቀ ሲባል ገመዱን መንቀል አይገባም። ኮምፒውተር ወደ ዲስክ የሚጽፈውን ለጥቂት ጊዜ በራሱ ራም ይዞ ስለሚቆይ፣ በመስኮቱ ላይ ያለቀው ቅጂ በእውነቱ ሳያልቅ ሊቀር ይችላል። ዲስኩን በደንብ ኢጀክት ማድረግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። መጠራጠር ካለ ኢጀክት ካደረጉ በኋላ እንደገና አገናኝቶ የፋይሉን መጠን በባይት ከወረደው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። የኮምፒውተሩ መብራት በመሃል ቢጠፋ የሚጎዳውም ይህ ቅጂ ነው፤ ፋይሉ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል እንጂ ኪንድሉ አይበላሽም። ፋይሉን አጥፍቶ እንደገና መገልበጥ ይበቃል።

ሞዴል፣ ቨርዥን፣ ፊርማ

ቀጣዮቹ ሦስት ኬላዎች በፋይሉ በራሱ ውስጥ ተጽፈዋል። የኪንድል አፕዴት ፋይል ለየትኛው ሞዴል እንደተሠራ፣ ከየትኛው ቨርዥን እስከ የትኛው እንደሚቀበል፣ ይዘቱ አለመለወጡን የሚያረጋግጥ ድምርና የአምራቹን ዲጂታል ፊርማ ይይዛል። ለ«ቢ008» የተሠራ ፋይል በ«ቢ006» ላይ ቢቀመጥ ማንበቢያው አይጭነውም። ይህ ክልከላ ለባለቤቱ ጥበቃ ነው፤ የሌላውን ሞዴል ፕሮግራም ቢቀበል ኖሮ ሞደሙን ወይም ስክሪኑን ማዘዝ ያቅተው ነበር።

የቨርዥን ክልከላ ደግሞ በደረጃ መሄድን ይጠይቃል። አንዳንድ አፕዴት ሙሉ ፕሮግራም ሳይሆን በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለው ፋይል የሚሠራው ከተጠበቀው ቨርዥን ላይ ብቻ ስለሆነ፣ በጣም ወደኋላ የቀረ ማንበቢያ መጀመሪያ መካከለኛውን ቨርዥን መጫን ሊኖርበት ይችላል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘና ብዙ ጊዜ የሚረሳ ምክንያት አለ። የቀድሞ ባለቤቱ የስክሪን ምስሎችን ወይም ፊደሉን ለመለወጥ ጄልብሬክ አድርጎት፣ ማለትም የአምራቹን ክልከላ ሰብሮ፣ ሊሆን ይችላል። የልዩነት አፕዴት ከመጻፉ በፊት የነባር ፋይሎችን ድምር ይመረምራል፤ የተነካካ ፋይል ካገኘ ሥራውን አቋርጦ ይወጣል። ውጤቱ ባትሪውም ፋይሉም ሞዴሉም ትክክል ሆነው የማይሳካ አፕዴት ነው። የደራሲያኑ ምስል ቀርቶ ሌላ ምስል የሚያሳይ አሮጌ ኪንድል ሲመጣ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። መፍትሔው የተጨመሩትን ነገሮች በራሳቸው ማራገፊያ ማውጣትና ከዚያ አፕዴቱን መድገም ነው።

ፊርማው ምርቱ በቆመ መሣሪያ ላይ ልዩ ዋጋ አለው። አምራቹ ፋይሉን ከገጹ ካነሳው ሰው ከሌላ ቦታ ለማግኘት ይገደዳል። ያልተነካካ ኪንድል አንድ ባይት እንኳ የተለወጠበትን ፋይል ስለማይቀበል ፍተሻውን ራሱ ያደርጋል። ጄልብሬክ የተደረገው ግን የሌላ ሰው የፊርማ ቁልፍ ተጨምሮበት ስለሚሆን ይህ መተማመኛ የለውም፤ ምንጩ የማይታወቅ ፋይል በእሱ ላይ መሞከር አደጋ አለው።

በዋይፋይ ሲሞከር

ከገመድ ይልቅ በዋይፋይ ለማዘመን የሚሞክር ሰው ሌላ ዓይነት እንቅፋት ይገጥመዋል። የኪንድል ኪቦርድ ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ብቻ ይሠራል፤ በ5 ጊጋኸርትዝ ብቻ የሚያሰራጭ ራውተርን ጨርሶ አያየውም፤ ደብሊውፒኤ3 የተባለውን አዲስ የይለፍ ቃል አሠራርም አያውቅም። ከስልክ ሆትስፖት ሲከፈትም ስልኩ በ2.4 ላይ እንዲያሰራጭ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ከራውተሩ ጋር ተገናኝቶ ከአገልግሎቱ ጋር የማይገናኝ ከሆነ ሰዓቱን ማየት ተገቢ ነው። ባትሪው ጨርሶ ያለቀ መሣሪያ ቀኑን ሊረሳ ይችላል። የአገልግሎቱ ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ስላለው፣ ቀኑ ከብዙ ዓመት በፊት የሆነ የሚመስለው ኪንድል «ይህ ሰርተፍኬት ገና አልጀመረም» ብሎ ግንኙነቱን ይዘጋል። ቀኑ ተስተካክሎም ካልሆነ፣ የ2016ቱ ገደብ ያለፈበት መሣሪያ ነው ማለት ይሆናል፤ በዋይፋይ መታገሉ አይጠቅምም፤ በገመድ መሄድ ነው።

የ3ጂው መንገድ ይብሱን ጠቧል። በአሜሪካ ትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች በ2022 3ጂን ዘግተዋል። ሁለተኛው ትውልድ ኪንድልና ትልቁ ኪንድል ዲኤክስ ዋይፋይ ስለሌላቸው በዚያ አገር የቀራቸው ገመድ ብቻ ነው።

መሃል ላይ ሲቆም

ፍተሻውን ሁሉ ያለፈ አፕዴት መጻፍ ሲጀምር ጠጋኙ ማድረግ የሚገባው መጠበቅ ነው። ሥራው ደቂቃዎች ይወስዳል፤ መሣሪያው ከአንድ ጊዜ በላይ ጠፍቶ ሊነሳ ይችላል፤ የሂደት መስመሩም አንድ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ ሊቆም ይችላል። ኢ-ኢንክ በየቅጽበቱ ስለማይታደስ የቆመ መስመር የቆመ ሥራ ማለት አይደለም። በዚህ ሰዓት ማብሪያውን ስቦ መያዝ ደህናውን መሣሪያ የማበላሸት አጭሩ መንገድ ነው። ቢያንስ አንድ ሰዓት መተው፣ ቻርጀሩንም ሰክቶ ማቆየት ይገባል።

ከዚያ በኋላም ልጅ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚያነብበት የመነሻ ምስል ላይ ከቀረ፣ ሪስታርት ማድረግ ይፈቀዳል። ሪስታርት ተደርጎም እዚያው ከተመለሰ ኮምፒውተር ላይ ዲስኩ ይታይ እንደሆነ ይሞከራል። ዲስኩ ከታየ ተስፋ አለ፤ ፋይሉን አጥፍቶ ትክክለኛውን አስገብቶ እንደገና ማስነሳት ይቻላል። «ኪንድልህ ጥገና ያስፈልገዋል» የሚለው ገጽ ከወጣ ግን ችግሩ ከፋይሉ አልፎ ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ቺፕ ላይ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ወዲያ ያለው ሥራ ክዳኑን ከፍቶ ከሰርኪዩት ቦርዱ ጋር በሲሪያል መስመር መነጋገር ነው፤ ልዩ አስማሚና ከቦርዱ ጋር የሚስማማ ቮልቴጅ ይጠይቃል። ልምድ የሌለው ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም ይሻላል።

በሁሉም ደረጃ የሚሠራ አንድ ደንብ አለ፤ በአንድ ሙከራ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ገመድ፣ ባትሪና ፋይል በአንዴ ለውጦ የተሳካለት ሰው መሣሪያውን አድኗል፤ የታመመው የቱ እንደነበር ግን አያውቅም። ያልተሳካለት ደግሞ ከሦስቱ አንዱ ራሱ ያመጣው አዲስ ችግር ይሁን አይሁን መለየት አይችልም።

ሌሎች አምራቾች

ኬላዎቹ በሌሎች ማንበቢያዎችም ያው ናቸው፤ የሚለየው የሚመልሱበት መንገድ ነው። ኮቦ አፕዴቱን የሚቀበለው «ኮቦ» በሚባል ስውር ፎልደር ውስጥ ነው። ዲስኩ ኢጀክት ሲደረግ ራሱ ተነስቶ ይጭነዋል፤ ሲጨርስም ፋይሉን ያጠፋዋል። ስለዚህ ፋይሉ ከሪስታርት በኋላም እዚያው ካለ አፕዴቱ ጨርሶ አልተጀመረም ማለት ነው። በ2011 የወጣው ኮቦ ተች ለጠጋኝ ሌላም ምቾት አለው። ፕሮግራሙ ያለው በውስጡ በተሰካ ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ላይ ስለሆነ፣ ካርዱን አውጥቶ ሙሉ ቅጂውን በኮምፒውተር ላይ ካስቀመጡ በኋላ መሥራት ይቻላል። የተሳሳተ ሙከራ ቢደረግ ካርዱን እንደነበረ መመለስ ነው።

የባርንስ ኤንድ ኖብል ኑክ ሲምፕል ተች ደግሞ መነሳቱ ስምንት ጊዜ በተከታታይ ከተቋረጠ ራሱን ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ይመልሳል። ይህ ለተበላሸ መሣሪያ መዳኛ ቢሆንም ዋጋ ያስከፍላል። ኩባንያው በ2024 ለዚህና ለሌሎች አሮጌ ኑኮች አገልግሎቱን አቁሟል። ወደ ፋብሪካ ሁኔታ የተመለሰ ማንበቢያ እንደ አዲስ ልመዝገብ ሲል የሚመዘግበው የለም። በስልክ ላይ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሞከረው ፋክተሪ ሪሴት፣ አገልግሎቱ በተዘጋበት ማንበቢያ ላይ የመጨረሻው ሙከራ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

መቼ መተው እንደሚገባ

እያንዳንዱ ማንበቢያ መዘመን አለበት ማለት አይደለም። በገመድ ፒዲኤፍ እየተገለበጠለት ለንባብ ብቻ የሚያገለግል ኪንድል ባለበት ቨርዥን ቢቆይ የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው። በአማርኛ ለሚያነብ ሰውም አዲሱ ቨርዥን ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። የግዕዝ ፊደል በትክክል የሚወጣው ፎንቱ ካለ ነው። ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል በአሮጌ ማንበቢያ ላይም ይነበባል፤ ኮቦ ላይ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ፎንት መጨመር ይችላል።

ከመደብሩ የተገዛ መጽሐፍ ለሚፈልግ ግን አፕዴቱ ግድ ነው። አማዞን በ2022 ኪንድል ኪቦርድን ጨምሮ በአሮጌዎቹ ላይ ከመሣሪያው ሆኖ መግዛትን አስቀርቷል። በፌብሩዋሪ 26 ቀን 2025 ደግሞ የተገዙ መጻሕፍትን በኮምፒውተር አውርዶ በዩኤስቢ ማስተላለፍን አንስቷል። ከዚያ በኋላ አዲስ የተገዛ መጽሐፍ ወደ ኪንድል ኪቦርድ የሚገባው በዋይፋይ ሆነ፤ ዋይፋዩ የሚሠራው ደግሞ ቨርዥኑ ከተሟላ ነው።

አፕዴቱ ተሳካ የሚባለው ስክሪኑ ስለተመለሰ ብቻ አይደለም። በሴቲንግስ ገጽ ያለው ቁጥር ከፋይሉ ቁጥር ጋር አንድ ይሆናል፤ የ«ቢን» ፋይሉ ከዲስኩ ይጠፋል፤ ከበፊት የነበረ መጽሐፍ ተከፍቶ ገጹ ይገለጣል፤ ዋይፋዩ ይገናኛል፤ መሣሪያው ጠፍቶ ሲበራም በሰላም ይነሳል። አምስቱ ከተሟሉ የሠራው ፋይል ከሲሪያል ቁጥሩ መነሻና ከቨርዥኑ ጋር ተመዝግቦ በሁለት ቦታ ይቀመጣል፤ አምራቹ ነገ ከገጹ ቢያነሳው ለቀጣዩ ጥገና የሚገኘው ከዚያ ነውና።